ቆርቆሮው ይቅደም ወይስ ኤኮው?

የዛሬው ደብዳቤ ሲከፈት የትዳር ኩርፊያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ድራም ነው የተገኘው።

ጸሐፊው የኮምቦልቻ ወጣት ነው። በቤቱ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ ከፍቶ የሠርግ ዘፈን ያቀናብራል፤ ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው። ‹‹ጋሼ፣ ወላሂ ዜማዬ ጥሩ ነው፤ ስኔሬ ግን ሞቷል። የውጪዎቹ ሲመታ ‹ጧሽሽ› ይላል፣ የኔ ‹ጧ› ብሎ ይቀራል። የሚያስፈልገኝ የፕሌት ሪቨርብ ፕላግኢን ነው። እሷ ግን የእቁቡን ገንዘብ አልሰጥም ብላ ተኮራርፈናል። የትኛውን ልግዛ?›› ይላል። እቁቡ የተጣለው ለማድ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ‹‹ውጭ አገር ካርድ አለኝ፣ ገዝቼ ልላክልህ›› ያለው ደላላ ደግሞ 38 ሺህ ብር ጠይቆታል።

የአንድ ወገን ሰምቼ አልፈርድም ብዬ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐረጎን ተጠማዝዘን ስንወርድ ደሴ ላይ የለበስኩት ካፖርት ኮምቦልቻ ላይ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለ። መቼም እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ ድራም መትቻለሁና ስኔር ሲባል ጆሮዬ ይቆማል።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ስኔር ማለት ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦ የተወጠረበት፣ ‹‹ጧ›› የሚለው ከበሮ ነው። ሪቨርብ ደግሞ ምቱ ካለቀ በኋላ የሚቆየው የድምፁ ጭራ ነው። እኛ በደፈናው ‹‹ኤኮ›› እንለዋለን እንጂ ኤኮ ድምፁን መልሶ ይደግማል፣ ሪቨርብ ያሟሟዋል። ፕሌቱስ? ፕሌቱ እውነተኛ ብረት ነበር! በ1957 እ.ኤ.አ. አንድ የጀርመን ኩባንያ ኢኤምቲ 140 የሚባል መሣሪያ አወጣ። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የብረት ዝርግ ፍሬም ላይ በምንጭ ሽቦ ይወጠራል፤ ድምፁ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ንዝረቱን ሌላ መሣሪያ ይለቅመዋል። ከነሣጥኑ 270 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዛሬ ፕላግኢን ተብሎ የሚሸጠው የዚያ ብረት የኮምፒዩተር ቅጂ ነው። አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ግድግዳ እየነካ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው፤ ብረት ላይ ግን ወዲያው ጥቅጥቅ ይላል። ለዚህ ነው ስኔሩን ወደ ሩቅ ሳይወስድ የሚያወፍረው።

ይህን ቡና እየተፈላ ሳስረዳ ሚስትየው ጀበናውን አስቀምጣ፣ ‹‹እና ጋሼ፣ በቆርቆሮዬ ገንዘብ የቆርቆሮ ጥላ ሊገዛ ነው?›› አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ወደ ስቱዲዮዋ ገባን። ልጁ ስኔሩን ከኪቦርድ ነው የሚቀዳው። ‹‹እስቲ ብቻውን አሰማኝ›› አልኩት። ጉድ ነው! ስኔሩ ቀድሞውኑ ጭራ አለው፤ ኪቦርዱ ራሱ ሪቨርብ ጨምሮበታል፤ እሱ ደግሞ በላዩ ላይ ከጓደኛው በፍላሽ ያመጣውን የተሰረቀ ፕላግኢን ደርቦበታል። (ያ ፍላሽ ከዚህ በፊት ቫይረስ አምጥቶ የሁለት ሠርግ ሥራ አጥፍቶበታል። ለዚህ እንኳ አላዘንኩለትም።) ጭራ በጭራ ላይ ሲደረብ ምቱ ይሰጥማል፤ ‹‹ሞተ›› ያለው ይኼንኑ ነው። የኪቦርዱን አጠፋን፣ የተሰረቀውን አወጣን፤ ስኔሩ ደረቅ ሆኖ ቀረ። አሁን መምረጥ ይቻላል።

ሦስት ፕሌት አሰለፍን። አንዱ ድራጎንፍላይ የሚባለው፣ በነፃ የሚወርድ ነው። ሁለተኛው ቫልሃላ ፕሌት፣ በ50 ዶላር ሲሸጥ የኖረው። ሦስተኛው ደላላው ያመጣው ውዱ ነው። የሚሸጡትን ለሙከራ በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ ይህን ደላላው አልነገረውም። ሦስቱንም ድምፃቸውን እኩል አደረግን፤ ከፍ ብሎ የተሰማ ሁልጊዜ ያማረ ይመስላልና።

ጭራውን ለማሳጠር ሒሳብ አለው። የሠርግ ዘፈኑ በደቂቃ 100 ምት ይሄዳል፤ አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ ነው። ስኔሩ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ስለሚመታ ከአንዱ ስኔር እስከሚቀጥለው 1.2 ሰከንድ ነው። ጭራው ከዚያ በፊት መሞት አለበት፤ እሱ ግን 3 ሰከንድ አድርጎት ነበር! ወደ 1 ሰከንድ አወረድነው። ፕሪዲሌይ የምትባለውን 20 ሚሊሰከንድ ሰጠናት፣ ምቱ መጀመሪያ ጥርት ብሎ እንዲሰማ። ወደ ፕሌቱ ከሚገባው ድምፅ ደግሞ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ጎርናናውን ቆረጥን። ጭክችካ ከሆነ ምቱ ስለሚደጋገም ከዚህም ይጠር።

ከዚያ ሚስትየውን ጠራን። ስም ሳንነግራት በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎም በር ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ አሰማናት፤ ዘፈኑ የሚደመጠው እዚያ ነዋ። በሠርጉ ዘፈን ላይ ነፃውን መረጠች። ‹‹ልጅቷ ምን እንደምትል የሰማሁት በዚህኛው ነው›› አለች። ወሎ ውስጥ ግጥሙ ካልተሰማ ምን ዘፈን አለ?

ነገር ግን እውነቱን ልናገር። ቀስ ያለ የአምባሰል ቅኝት ሥራ ስናሰማት ጭራው ረዘም ማለት ነበረበት፤ እዚያ ላይ ነፃው የቆርቆሮ ዝናብ የመሰለ ሽርሽርታ አወጣ። እሷም ሳታመነታ ውዱን መረጠች። ባልየው ሊስቅ ሲል ገላመጠችው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ምክሬ ይህ ነው። ክረምት ሳይገባ ማድ ቤቱ ይመታ። የሠርግ ሥራህ በነፃው ይበቃዋል። ቀስ ያለ ሥራ የሚያሠራህ ደንበኛ ሲመጣ ከቀብዱ ላይ ባለ 50 ዶላሩን ግዛ፤ በአምባሰሉ ላይ ከውዱ የለየሁት በጭንቅ ነው። ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቢሆንም 50 ዶላር 38 ሺህ ብር አይሞላም። ውጭ ያለ ዘመድ ይግዛልህ፣ ደላላውን ተወው። ሚክስ ስትጨርስም ለእሷ ሳታሰማ አትላክ፤ ጆሮዋ ካንተ ይሻላል።

ስወጣ ኩርፊያው አልተፈታም ነበር፤ ቡናውን ግን አብረው ጠጥተዋል።

የሐይቋ እህታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የአማትሽን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን።