ቅንጣቲቱ ከአይጥ ዓይን ወይስ ከመመርመሪያ ወረቀት?

በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የቻይናና የአሜሪካ ሊቃውንት ባንድነት ባወጡት ጥናት፣ ዓይናቸው ውስጥ ልዩ ቅንጣት የተወጉ አይጦች የአይጥም የሰውም ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እስከ 10 ሳምንት ድረስ ለማየት መቻላቸውን አስነበቡ። ወሬው በሳይንስ ተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ወገን አስነሥቷል። አንደኛው «የመመረቂያ ጽሑፌን አገኘሁ!» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ንጹሕ ውኃ ላላገኘ ሕዝብ የአይጥ ዓይን ምን ይፈይድለታል?» እያለ ይሣለቃል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም እነሆ።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ቅንጣቲቱ ከሶዲየም፣ ከኢትሪየምና ከፍሎሪን የተሠራች ክሪስታል ስትሆን፣ በውስጧ ይተርቢየምና ኤርቢየም የተባሉ ብርቅዬ ማዕድናት በጥቂቱ ተበትነውባታል። (ኢትሪየም፣ ይተርቢየም፣ ኤርቢየምና ተርቢየም አራቱም ስማቸውን ያገኙት ኢተርቢ ከምትባል አንዲት የስዊድን መንደር ነው፤ ይህ ለእኔ ከአይጡ ወሬ ያላነሰ ይደንቀኛል።) የሞገዱ ርዝመት 980 ናኖሜትር የሆነ የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍባት ይተርቢየም ይውጠውና ጉልበቱን ለጎረቤቱ ለኤርቢየም ያቀብላል። ኤርቢየም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ቅብብል ሲደርሰው ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፤ ከዚያ ሲወርድ አረንጓዴ ወይም ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ሁለት ደካሞች ተደምረው አንድ ብርቱ ወጣ ማለት ነው። ይህን ቅብብል ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኦዜል በ1966 ገልጾታል።

ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ ሥጋችንና ደማችን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው ራሳቸው በመጠኑ ያበራሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክት በቀትር እንደ በራ ፋኖስ ይሆንበታል። በኢንፍራሬድ ጊዜ ግን ከሰውነታችን ውስጥ ሁለቱን ደምሮ የሚያበራ የለምና ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ቅንጣቲቱ ብቻ ትታያለች። በዚያም ላይ ኢንፍራሬድ ከሰማያዊው ይልቅ ሥጋን ዘልቆ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው ወገን አልተሳሳተም። ስሕተቱ ሥዕሉን አይቶ ቁጥሩን ሳያነብ መሮጡ ነው። በካናዳ ተለክቶ በ2010 በወጣው ጥናት፣ ይኸው ማዕድን ሳይደቅ ከዋጠው መቶ ፎቶን 3 ያህሉን ለውጦ ሲመልስ፣ ወደ 10 ናኖሜትር ያነሰው ግን ከመቶ ሺህ 5 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቅንጣቲቱን በሌላ ሽፋን እየጠቀለሉ ብዙ አሻሽለዋታል፤ ቢሆንም ዋናው ችግር አልተፈታም። ኩላሊት አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ከ6 ናኖሜትር ገደማ ያነሰውን ነው፤ ከዚያ የበለጠው በጉበትና በጣፊያ ይከማቻል። እንግዲህ ብታንስ አታበራ፣ ብትተልቅ አትወጣ!

«ብትቀርስ ምን ታደርጋለች?» የሚል ቢኖር ከዚሁ የማዕድን ቤተሰብ የሆነውን የጋዶሊኒየምን ታሪክ ያንብብ። ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት ለኤምአርአይ ምርመራ ሲወጋ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ቆዳን ከሚያደነድን ክፉ ሕመም ጋር መያያዙ የታወቀው በ2006 ነው። ያውም መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነበር። ሐኪሙም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም፤ ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው በኢንፍራሬድ የሚያበራ ቀለም በአሜሪካ ከ1959 ጀምሮ የተፈቀደ ነው፤ ጉበትም በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ያስወግደዋል። የእኛይቱ ቅንጣት ግን እስካሁን በሕሙማን አልጋ አጠገብ የዘወትር ሥራ አላገኘችም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልዙር። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቅንጣቲቱ ወደ ሰው ገላ እንድትገባ ማን አስገደደ? ከገላ የወጣውን ደምና ሽንት ብትመረምርስ? በሆላንድ አገር በላይደን ያሉ ሊቃውንት፣ ሥሪታቸው ትንሽ ቢለይም በዚሁ ቅብብል የሚያበሩ ቅንጣቶችን በመመርመሪያ ወረቀት ላይ አድርገው የቢልሃርዝያ ትል የሚለቀውን አንቲጅን ይፈልጉበታል። በወረቀት ላይ ኩላሊት የለ፣ ጉበት የለ፤ ቅንጣቲቱ ተልቃ እንደ ልቧ ብታበራ የሚከለክላት የለም። ለሥጋ ደዌም እንዲሁ ዓይነት ወረቀት ተሞክሯል፤ በ2014 በወጣው ጥናት የአዲስ አበባው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰዎች ተካፍለውበታል።

ንጹሕ ውኃ ይቅደም መባሉን አልክድም። ነገር ግን መድኃኒቱ በየትምህርት ቤቱ እየታደለ ቢልሃርዝያ ሲቀንስ፣ ጥቂት ትል ብቻ የቀረበትን ልጅ ማግኘት እየከበደ ይሄዳል፤ እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ ሲፈልጉት ያመልጣል፤ ያልታወቀውም ልጅ ወንዙን መልሶ ይበክለዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያዩት ይህንኑ ሕመም ሲያሳድዱ ነው። በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም እዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ወረቀቱስ ጉድለት የለበትም? አለበት፤ እኔን የሚያጓጓኝም ይኸው ነው። ናሙናው አስቀድሞ ከአሲድ ጋር ተደባልቆ በሴንትሪፉጅ መሽከርከር አለበት፤ ውጤቱንም የሚያነበው ሌዘር ያለበት መሣሪያ እንጂ ዓይን አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ይህ እንዴት ይሆናል? እነዚህን የማቃለል ሥራ ተጀምሯል፤ አላለቀም። የ980 ናኖሜትር ሌዘር ራሱ ብርቅ አይደለም፤ ለረጅሙ የስልክና የኢንተርኔት ገመድ ስለሚያገለግል በብዛት ይመረታል። (በገመዱም ውስጥ ብርሃኑን የሚያጎለብተው ኤርቢየም ነው።) በባትሪ የሚሠራ፣ አቧራ የማይበግረው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቦርሳዋ ይዛው የምትዞር ማንበቢያ ለፊዚክሱም ለኤሌክትሪክ ምሕንድስናውም ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው፤ ሴንትሪፉጁን በቀላል ማጣሪያ መተካት ደግሞ የኬሚስትሪው ድርሻ ይሁን።

የአይጡን ዓይን ርዕስ አድርጎ የያዘው ጓደኛዬ ማመልከቻውን ለአማካሪው ገና አልሰጠም። ከመስጠቱ በፊት አንድ ቀን አብሮኝ ወደ ፓቶባዮሎጂ እንዲሄድ ጠይቄዋለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለንም።