«አንተም ይሄን ታነባለህ?»

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙያ ጓደኛዬ ካፌ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አገኘኝ። የያዝኩትን መጽሐፍ ገልብጦ ሽፋኑን አየው። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ አንድ ፈረስ፣ ከኋላ ትልቅ ቤት። «አንተም ይሄን ታነባለህ?» አለኝ። ሲጋራ ሲያጨስ አባቱ እንደደረሰበት ልጅ ደነገጥኩ። «ለጽሑፍ ፈልጌው ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ለምን ዋሸሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

ሥራዬ ዜና ነው። የሞተውን፣ የተፈናቀለውን፣ የጨመረውን ዋጋ ስቆጥር እውላለሁ። እናንተም የዚህ ቻናል ሰዎች ናችሁና ሕመሙን ታውቁታላችሁ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ ስልክ እየከፈቱ «ምን ተፈጠረ?» ማለት ልማድ ሆኖብናል። ሁለቱ ፍቅረኞች መጨረሻ ላይ እንደሚጋቡ ከመጀመሪያው ገጽ የማውቀውን የድሮ ዘመን ፍቅር ታሪክ ስከፍት ግን ትከሻዬ ይላላል። የምወደው ሰው ድንገት አይሞትብኝም። ይሄ ምኑ ያሳፍራል?

የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ እናት የምትባለው እንግሊዛዊቷ ጆርጄት ሄየር ናት። «ዚዝ ኦልድ ሼድስ» የተባለው መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣው እንግሊዝ በጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በተናጠችበት ወቅት ነበር። ጋዜጦች እንደወትሮው ስላልታተሙ ማስታወቂያም ሂስም አላገኘም፤ ሆኖም 190 ሺህ ያህል ቅጂ ተሸጠ። (ለእኛ ለጋዜጠኞች ትንሽ የሚያሸማቅቅ ታሪክ ነው።) ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሩማንያ 12 ዓመት በፖለቲካ እስረኝነት የቆየች ሴት ደብዳቤ ጻፈችላት። «ፍራይደይስ ቻይልድ» የተባለውን ልቦለዷን በቃሏ ደጋግማ እየተረከች እሷም አብረዋት የታሰሩትም አእምሯቸውን ሳይስቱ ያን ጊዜ እንዳለፉት ነገረቻት።

እኛም የራሳችን አለን። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰ። የሚጻፍበት ወረቀት ስላልነበረ 3 ሺህ በሚያህል የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። ያ ክምር ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተመ። ልብ በሉ፤ ይህ ማርክስንና ሌኒንን ሲተነትን የኖረ ትውልድ ነው። ያችን ብርቅ ወረቀት ግን ለአንዲት ቀበጥ ሴት ፍቅር አዋለው። ታዲያ እኔ ካፌ ተቀምጬ ማንን ነው የማፍረው?

እዚህ ላይ ግን ጓደኛዬ ቢያውቅ ኖሮ ይረታኝ ነበር። ይኸው መጽሐፍ የአሜሪካን የባሪያ አሳዳሪዎች ዘመን የጠፋ ገነት አስመስሎ የሚያሳይ ነው። ባሪያዎቹ ጌቶቻቸውን ይወዳሉ፤ ኩ ክለክስ ክላን ሴቶችን የሚጠብቅ ማኅበር ይመስላል። ለአንዱ አንባቢ የሚያጽናናው ነገር ለሌላው የአያቱ ሰንሰለት ነው። እኔም ስለ ባላባት ቤት የሚተርክ የፍቅር ልቦለድ ሳነብ ያንን ሁሉ ድግስ ማን አበሰለው፣ እህሉንስ ማን አረሰው የሚለው ጥያቄ ብቅ ይላል። አንዳንድ ማታ ደክሞኝ እያየሁ አልፈዋለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሐዲስ ዓለማየሁ አላለፉትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ሲነድ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ገባሮችም በዚያው መጽሐፍ ያምጻሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሥራ ፈቶ ያዳመጠው ያን ሁሉ ሐዘን ይዞ ነው። ከዜና በኋላ ግን እኔ አልችለውም፤ ለቅዳሜ ጠዋት አስቀምጬዋለሁ።

ደግሞም «ከእውነታ መሸሽ» የሚለው ክስ አይዋጥልኝም። ሌሊቱን በስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያነጋ ሰው ከእኔ የበለጠ ለተፈናቃዩ ምን አደረገለት? እኔ ቢያንስ ተኝቼ አድሬ በማግስቱ ስልክ እየደወልኩ አጣራለሁ።

ትናንት ያ ጓደኛዬ ደወለ። ስለ አንድ መግለጫ ጥቂት አወራን፤ ሊዘጋ ሲል «ያን መጽሐፍ ስትጨርሰው ታውሰኛለህ?» አለኝ። «ለባለቤቴ ነው» ብሎ ጨመረ።

ገና 60 ገጽ ይቀረኛል፤ ትንሽ ይጠብቅ።