«እናቴ ታሳፍረኛለች»

ለዛሬ ያነሳሁት ደብዳቤ ፊርማ የለውም። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ ትላለች። እናቷ ድግስ በተጠሩ ቁጥር የተረፈ እንጀራ በፌስታል ቋጥረው ይመለሳሉ። የደረቀ ዳቦም አይጣልም፣ አልጋ ሥር ይከማቻል። ባለፈው ጓደኞቿ ይህን አይተው ሲስቁ እሷ በእነሱ ፊት እናቷን ተቆጣች። እናትየው ዝም አሉ። «ምን ባደርግ ይተዉልኛል?» ነው ጥያቄው።

እህቴ፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ላስተዋውቅሽ። የልጆች ነው ብለሽ እንዳትንቂው! «ዎተርክረስ» ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ፣ በ2022 ደግሞ ለሥዕሎቹ ካልድኮት የተባለውን ትልቅ ሜዳልያ አገኘ። የጻፈችው የቻይና ስደተኞች ልጅ ስትሆን ታሪኩም ከራሷ ልጅነት የተቀዳ ነው።

ቦታው ኦሃዮ ነው። አንድ ቻይናዊ ቤተሰብ በአሮጌ ፖንቲያክ በበቆሎ ማሳ መሀል ሲጓዝ፣ እናትና አባት ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የሚበላ ቅጠል ያያሉ። ዎተርክረስ ማለት ይኸው ቅጠል ነው። መኪናው ይቆማል፤ የወረቀት ከረጢትና የዛገ መቀስ ይወጣል፤ ልጆቹም ጭቃው ውስጥ ገብታችሁ ልቀሙ ይባላሉ። ልጅቷ በሀፍረት ልትሞት ነው። መኪና ሲያልፍ ማን አየኝ ብላ አንገቷን ትደፋለች። ማታ ቅጠሉ ተጠብሶ ሲቀርብማ ጭራሽ አልበላም አለች!

ይሄኔ እናትየዋ ተነስታ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ታመጣለች። ስለ ቻይና ቤተሰቧ ተንፍሳ የማታውቅ ሴት፣ የዚያን ማታ በረሀብ ዘመን ስላጣችው ትንሽ ወንድሟ ትናገራለች።

እዚህ ላይ ሥዕሉን ማየት ነው። ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ የልጁ ቦታ ባዶ ነው። በቃ፤ ሬሳ የለ፣ ለቅሶ የለ። በሌላ ገጽ ደግሞ የኦሃዮ በቆሎ ቀስ በቀስ የቻይና ቀርከሃ ይሆናል፤ ሁለት አገር በአንድ ሥዕል። ሠዓሊው በውኃ ቀለም ሲሠራ የቻይናንም የምዕራባውያንንም ብሩሽ ተጠቅሟል። እኔ በበኩሌ ከቃላቱ ይልቅ ሥዕሉ ነው ሆዴን ያባባው።

ወላጅ ዝም የሚለው በሐዘን ብቻ አይደለም። አሜሪካ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ1882 ያወጣችው ሕግ እስከ 1943 ጸንቶ ነበር። ብዙዎች የሌላ ሰው ልጅ ነን ብለው በሐሰት ወረቀት ገቡ፤ «የወረቀት ልጆች» ተባሉ። «ባምቢ» ለተባለው የካርቱን ፊልም መልኩን የሰጠው ሠዓሊ ራሱ በ1920 በልጅነቱ የገባው በሌላ ስም ነው። የእሱም ታሪክ በ2019 ሥዕላዊ መጽሐፍ ሆኗል። እንዲህ ያለ አባት ታዲያ ልጁ «የአያቴ ስም ማነው?» ብሎ ሲጠይቀው ምን ይበል?

ወዳንቺ ልመለስ። እናትሽ ወሎ ተወልደው እንዳደጉ፣ ዕድሜያቸውም ወደ 50 እንደሚጠጋ በአንዲት መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። እስኪ አስቢው! በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ቢሆኑ ነው። እንደዚያች ቻይናዊት ናቸው አልልሽም፤ እሱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አደራ፣ «ለምን ትሰበስቢያለሽ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ክስ ይመስላል። ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ቁጭ በይና ስለ እህት ወንድሞቻቸው ጠይቂ። ቢያለቅሱ አትደንግጪ። ካልተናገሩም ተዪያቸው፣ ሌላ ቀን አለ። በጓደኞችሽ ፊት ስለተቆጣሻቸው ግን ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቂ፤ እሱ ምክንያታቸውን እስክታውቂ አይቆይም። ፌስታሉን ለጊዜው እርሺው። የሻገተውን ዳቦ ግን ይበላ አላልኩም፣ ሆድ ያማል!

ያሉሽን ጻፊልኝ። ቸር እንሰንብት።