የጎንደርን ግንብ ያቆመው ኖራ ነው፤ ሲሚንቶ አይደለም

የጎንደር ግንቦች እድሳት በተነሳ ቁጥር «በሲሚንቶ ለስኖ መገላገል ነው እንጂ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ገበያ ላይ ይገኛል። እውነት ነው። ግንቡን የሚገድለውም ይኸው ጥንካሬው ነው።

ኖራ ይተነፍሳል። ክረምቱን ድንጋዩ ውስጥ የሰረገው እርጥበት በጋ ሲመጣ በኖራው በኩል ይወጣል፤ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮት ይላወሳል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ጨው ይዞ ወደ ድንጋዩ ይዞራል። ከዓመታት በኋላ ሲሚንቶው እንዳለ ቆሞ ድንጋዩ ይፈረፈራል። ይህ ደግሞ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም፤ ጎንደር ላይ ተሞክሯል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶና በአርማታ ጠገናቸው፤ በኋላ የመጣው ጥገና ያንን ስህተት ለማረም ወደ ኖራ ተመለሰ። ታዲያ ያው ስህተት ለምን እንደ አዲስ ሐሳብ ይቀርባል?

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ለኖራ የሚሆን ድንጋይ መገኘቱን እዚህ የነበሩት ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። አፄ ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ኖራውን ግን አላባረሩም። ዛሬ 900 ሜትር በሚረዝም አጥር የተከበበው ግቢ የተገነባው በዚያ ኖራ ነው። (እንቁላል ተጨምሮበታል የሚባለው ወግ እውነትም ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ የማያያዣውን ነገር ትልቅነት እንደተረዳው ያሳያል።)

ሥራው አድካሚ ነው። ድንጋዩ 900 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ በእሳት ይቃጠላል፤ ውሃ ሲነካው ይንተከተካል፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ከአሸዋ ተለውሶ ከተገነባ በኋላ ያጣውን ከአየር መልሶ እየወሰደ ቀስ በቀስ ዳግም ድንጋይ ይሆናል። ለችኩል ተቋራጭ አይመችም።

የድንጋይ እጥረት ግን የለም። ሙገርና ድሬዳዋ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩት ይህንኑ የኖራ ድንጋይ ነው። የሚያስፈልገው ድንጋዩን የሚያቃጥል፣ የኖራውን መብሰል በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ግንበኛ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ እድሳት ሲመጣ ብቻ ተጠርቶ፣ ሲያልቅ ከተበተነ፣ ልጁን የሚያስተምርበት ምክንያት የለውም። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ የራሱ የኖራ ጉድጓድና ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው ግንበኞች ሊኖሩት ይገባል። ጨረታ የሚያወጣው ክፍልም የኖራውን ማቆያ ወራት በውሉ ውስጥ ያስገባ። ተቋራጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ፣ ሌላ ተቋራጭ ይፈለግ።