ቁጥሩ ላስታ ሲደርስ

አዲስ ዘፈን በወጣ ማግስት የሚነሣው ጥያቄ «እንዴት ነው?» መሆኑ እየቀረ ነው። አሁን የሚጠየቀው «ስንት ገባ?» ነው። ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮኑን ቶሎ የተሻገረ ተሳካለት ይባላል፤ ያልተሻገረውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ሰምቶ የሚፈርድለት እንኳ አይገኝም። ሚዛኑ ለክርክር ያመቻል። ወደ ላስታ ተራሮች ይዘውት ሲወጡ ግን ብዙ ነገር ይስታል።

የገና ማለዳ አንዱ ማሳያ ነው። ታኅሣሥ 29 በላስታዋ ላሊበላ፣ በቤተ ማርያም ቅጥር፣ ካህናቱ ከሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው ዐለት አናት ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ይሰለፉና ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ያዜሙታል። ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መቋሚያው እኩል ይወዛወዛል። በዙሪያው ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ዐለቱ አይታይም። ፍርዱ በታዳሚ ብዛት ቢሆን ኖሮ ቤዛ ኩሉን የሚስተካከል የኢትዮጵያ ሙዚቃ ማግኘት በከበደ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ምእመን፣ ከፊሉም ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ የመጣው ዜማውን ሊመዝን አይደለም። ለበረከት ነው። ብዛቱ የሚናገረው ስለ እምነቱ ነው። የዩቲዩቡም ሕዝብ እንዲሁ የየራሱ ምክንያት አለው፦ አንዱ ለጭፈራው፣ ሌላው ለፖለቲካው፣ ሦስተኛው ሰው ሁሉ ስለሚያወራለት ብቻ ይከፍተዋል። ቆጣሪው ሁሉንም አንድ ብሎ ይደምራል።

ታዲያ የዜማውን ጥራት ማን ይፈርዳል? ለዚህ ቤተ ክህነት የራሷ ዳኛ አላት። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ወደሚባለው የምስክር ቤት ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ለቅዳሴው ደግሞ እንደ ላሊበላ ሁሉ በሰሜን ወሎ፣ ዋድላ ውስጥ፣ ሰለልኩላ አለ። ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው። በአሥር ሺህ ሰው መካከል የተሳተች አንዲት የዜማ ምልክት ሕዝቡን ታልፈው ይሆናል፣ መሪጌታውን ግን አታልፈውም። በእርግጥ ይህ ዳኛም ጉድለት አያጣውም፤ የተቀበለውን ሳያዛንፍ መጠበቅ እንጂ አዲስ ነገርን ማበረታታት ሥራው አይደለም።

አዝማሪ በሚጫወትበት ሠርግ ላይ ደግሞ ገበያው ራሱ ዳኛ ነው፤ ያውም ጥሩ ዳኛ። ማሲንቆው ሲጀምር «ተቀበል!» ይባላል፤ ጋባዡ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ቅኔው ከገባ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ካልገባ ዝም ይባላል፣ ለሚቀጥለውም ሠርግ ሌላ ይጠራል። እዚህ የሚከፍለው ሰው ሰሙንም ወርቁንም ያውቃል፤ ከአዝማሪው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያው አዝማሪ ላሊበላ ከተማ ጠጅ ቤት ገብቶ አማርኛ ለማይሰማ ቱሪስት ሲጫወት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ግጥሙ ዋጋ ስለማያወጣ ትከሻና ፍጥነት ቦታውን ይይዙታል። ከፋዩ ከዘፈኑ እየራቀ በሄደ ቁጥር ክፍያው ስለ ጥራት የሚነግረን እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከሁሉም የራቀው ገበያ ነው።

የማይቆጠረው አድማጭም አለ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፋ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደገና ወራት አለፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የላስታ ሰው ጆሮ ነበረው፣ ምርጫም ነበረው፤ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ ግን አልነበረም። ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስብም። የአንድ ወረዳ ሰው በሙሉ በቃሉ የሚያውቀው የማሲንቆ ተጫዋች በዚህ ሒሳብ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የላስታ ብቻ አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቢልቦርድ ሙዚቃ ቤቶችን እየጠየቀ ሰንጠረዥ ማውጣቱን ትቶ በሽያጭ ማሽን የተመዘገበውን መቁጠር ሲጀምር ራፕና የገጠር ዘፈን ባንዴ ወደ ላይ ተተኮሱ። የተለወጠው አቆጣጠሩ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ከ14,000 በላይ ሰዎችን ያልታወቁ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች አስደመጡ። ከፊሉ ሌላው ሰው የመረጠውን ሳያይ መረጠ። የቀረው በስምንት ቡድን ተከፍሎ፣ በየቡድኑ እያንዳንዱን ዘፈን ስንት ሰው እንደመረጠው እያየ መረጠ። በአንዱ ቡድን 1ኛ የወጣ ዘፈን በሌላው 40ኛ ሆነ። ሰው ሰውን ይከተላል።

ከዚሁ ሙከራ ግን ለቁጥር ጠላቶች የማይመች ውጤትም ወጥቷል፦ ቁጥር ሳያዩ በመረጡት ዘንድ ምርጥ የተባሉት ዘፈኖች እምብዛም አልወደቁም፣ ደካሞቹም እምብዛም ከላይ አልወጡም። የተወደደ ሁሉ ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ሲቀበር ያለቀሰው ሕዝብ ጆሮው አልተሳሳተም። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን ካስጨፈረ በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ በሸክላ ታትሞ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ወደደው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ ዘመንና ባሕር የለያቸው ሁለት አድማጮች በአንድ ዘፈን ሲስማሙ ያ ቁጥር ክብደት አለው። የመጀመሪያው ሳምንት ሚሊዮን ይህ ክብደት የለውም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ያስቀረጹት ፒያኖ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ሰው ብቻ ሲሰማው ቆይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮፒክስ የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ ዓለምን ዞረ። በመካከሉ አንዲት ኖታ አልተነካችም። ከደሴው የላሊበላ ኪነት ቡድን የወጣችው ማሪቱ ለገሠም ብትሆን፣ ዛሬ አምባሰል የሚሞክር ድምፃዊ ሁሉ የሚለካው በእሷ ነው። ስንት ካሴት ሸጠች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሚዲያው ግን ሥራውን ለቆጣሪው አሳልፎ ሰጥቷል። የአዲስ አልበም ዜና ስንት ጊዜ እንደታየ ይነግረናል፤ ቅኝቱ ባቲ ይሁን አንቺሆዬ፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ማሲንቆው የእውነት ይሁን የኪቦርድ አይነግረንም። እነዚህ አራቱን ለማወቅ ለአቀናባሪው አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።