የአባትህን በር አትብሳው!

ወገቤ ገና አልተቃናም። ሦስት ቅዳሜና እሁድ የከረምኩት አንዲት አሮጌ ስፖርት መኪና ውስጥ በደረቴ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ከፍሪሲዮኑ ሥር ቀብሬ፣ "ግራው ይሰማል? ቀኙስ?" እያልኩ ነው። "አንተን ምን አገባህ?" እንዳትሉኝ። ነገሩ የስፒከር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አልገባበትም ነበር።

አንድ ወዳጄ አለ። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ እንጀራው ባንክ ቤት፣ ፍቅሩ ሙዚቃ። አባቱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሳቸው የቀረችው ቀይ ካርማን ጊያ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ የፈረንጆቹ 1970 ሞዴል ናት። ካርማን ጊያን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ፦ መልኳን ያወጣላት የጣሊያኑ ጊያ ነው፤ ገላዋን የሠራው የጀርመኑ ካርማን ነው፤ ሆድ ዕቃዋ ግን የምናውቀው ቮልስ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንከሯ ከፊት። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ከአራት መቶ ሺህ በላይ ተሠርታለች። መልኳ የስፖርት መኪና፣ ሩጫዋ የቮልስ! ቢሆንም ሰፈር ውስጥ ስታልፍ ዞሮ የማያያት የለም።

ታዲያ ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ጧት ደወለልኝ። "ስፒከር ገዝቻለሁ፤ ትራፓኖና መጋዝ ይዘህ ና" አለኝ። እኔን የጠራበት ምክንያት አለው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቱ እምቢ ሲለኝ፣ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ሳልጀምር በፊት፣ አንድ ኦቶ ኤሌክትሪክ ቤት ሁለት ዓመት ሽቦ ስጎትት ነበር። ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ። ስደርስ እናትና ልጅ ተኮራርፈው አገኘኋቸው።

"ና እስቲ ልጄ፣ አንተ ፍረደን" አሉኝ እናቱ። "ይሄ ልጅ የአባቱን መኪና ወንፊት ሊያደርገው ነው።"

"እማዬ፣ ሁለት ቀዳዳ እኮ ነው! ሁለት ብቻ!" ይላል እሱ።

እሳቸው መልስ አልሰጡትም። የሹፌሩን በር ከፍተው በውስጥ በኩል ያለውን የክንድ ማሳረፊያ አሳዩኝ። ጥቁሩ ልባስ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፍቆ፣ ሳስቶ ያብለጨልጫል።

"የክርኑ ቦታ ነው" አሉ።

እኔም ዝም፣ ልጁም ዝም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ዝም ያልኩት በሌላ ምክንያት ጭምር ነው። የራሴ ኃጢአት ትዝ ብሎኝ ነው።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነጭ ቮልስ ነበረችው። ለሥራ ክፍለ ሀገር በሄደበት ሳምንት "ሰርፕራይዝ ላድርገው" ብዬ የሁለቱንም በሮች ልባስ በመጋዝ፣ ከሥሩ ያለውን ላሜራ በመቀስ ቀደድኩና ትልልቅ ስፒከር ገጠምኩ። መስተዋቱ እንደተዘጋ ሞከርኩት፤ ምን አለፋችሁ፣ ሠርግ ቤት በሉት! ወንድሜ መጣ፣ ሰማ፣ ተደሰተ፣ ይዟት ወጣ። ሜክሲኮ አደባባይ ሲደርስ ሞቀውና መስተዋቱን ሊያወርድ እጀታውን ያዘ። መሐል ላይ አልወርድ አለው። በኃይል ጠመዘዘው። የመስተዋቱ ጠርዝ ያረፈው የስፒከሩ ማግኔት ላይ ነበር፤ እንደ ጨው ተበትኖ የበሩ ሆድ ውስጥ ገባ። ማታ ቤት ሲመጣ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቁጭ ብሎ ስብርባሪውን በእጁ ሲለቅም አየሁት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መስተዋቱ በገንዘብ ተተካ፤ የቀደድኩት ላሜራ ግን እንደተቀደደ ቀረ፤ በክረምቱም ዙሪያውን ዝገት በላው።

ስለዚህ ወዳጄን "ትራፓኖውን አስቀምጥና ሜትር አምጣ" አልኩት። ተከራከረኝ እንጂ አመጣ።

እንግዲህ የእናንተም መኪና ካርማን ጊያ ትሁን፣ ቮልስ ትሁን፣ አሮጌ ፊያት ትሁን፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚሁ ከሜትሩ ነው። የመስተዋቱን እጀታ ፍቱ። የበሩን ልባስ በካቻቢቴ ጫፍ ሳይሆን በሰፊና ጠፍጣፋ ነገር፣ ክሊፕ ባለበት ባለበት እየተጠጋችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። የአሮጌ መኪና ልባስ ከሥሩ የተጨመቀ ካርቶን ነው፤ ከጎተታችሁት ክሊፑ ከነካርቶኑ ተገንጥሎ ይመጣል። ከጀርባው ላስቲክ ተለጥፎ ካገኛችሁ አትጣሉት። ዝናብ በመስተዋቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ በሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ያ ላስቲክ ከሌለ ውሃው ልባሱን አልፎ ስፒከራችሁንም ያጠጣዋል።

ቀጥሎ መስተዋቱን እስከ መጨረሻው አውርዱትና ከላሜራው እስከ መስተዋቱ ያለውን ክፍተት ለኩ። ከዚያ ስፒከሩን ገልብጡና ከአንገቱ እስከ ማግኔቱ ጀርባ ለኩ። ወዳጄ የገዛው ባለ 16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር ጥልቀቱ 6.5 ሴንቲ ሆነ፤ የበሩ ክፍተት ደግሞ 5። አለቀ! ያን ቀን ዝም ብለን ቀደን ቢሆን ኖሮ የወንድሜ ታሪክ ይደገም ነበር። ወዳጄ ስፒከሩን አየ፣ በሩን አየ፣ እናቱን አየና "እና ምን ይሻላል?" አለ።

የሚሻለው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በሩ ላይ መሆን አለበት ካላችሁ፣ ዋናውን ልባስ ሳትነኩ አምሳያውን መሥራት ነው። ዋናውን ኮምፔንሳቶ ላይ አስተኝታችሁ በእርሳስ ዙሩት፤ የክሊፑን፣ የእጀታውን፣ የመክፈቻውን ቀዳዳ ሁሉ ምልክት አድርጉ። ውፍረቱ ከዋናው ብዙ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ የመስተዋቱ እጀታ ጥርሱን በደንብ አይነክስም። እጀታው ሲዞር የስፒከሩን መረብ እንዳይመታም አዙራችሁ እዩ። ኤምዲኤፍ የሚባለውን እንጨት ለበር አትምረጡ፤ ድምፁ ጥሩ ቢሆንም እርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ኮምፔንሳቶውንም ፊትና ጀርባውን ቫርኒሽ ቀቡት። ዋናው ልባስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቤት ይቀመጥ። አንድ ቀን መኪናዋን ብትሸጧት እንኳ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

እኛ ግን የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። እናቱ የክርኑ ቦታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም። "መኪናው ውስጥ ይኑር" አሉ። ስለዚህ በሩን ለቀቅነውና ከበሩ ፊት፣ እግር በሚዘረጋበት በኩል ያለውን የጎን ግድግዳ ያዝን። ይሄ ቦታ ሌላም ጥቅም አለው። ስፒከር በር ላይ ሲሆን የራሳችሁ ጎን ጆሯችሁ ሥር ነው፣ ያኛው ደግሞ ሩቅ ነው፤ ዘፋኙ በር ላይ ተደግፎ የሚዘፍን ይመስላል። ወደ እግር ሲሄድ የሁለቱ ርቀት ይቀራረብና ዘፋኙ ወደ መሐል ይመጣል። ስፒከሩንም ወደ ባለ 13 ሴንቲ ሜትሩ ቀየርነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠን ግድግዳው ላይ እየለካን፣ እየከረከምን ልኩን አወጣን። ካርቶን ሦስት ጊዜ ቢበላሽ ኪሳራ የለውም፤ እኛ አራተኛው ላይ ነው የተሳካልን። ልኩን 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ አዛውረን ቆረጥን። ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ደግሞ ስፒከሩ የሚቀመጥበትን ቀለበት አወጣን። ቀለበቱን በትንንሽ እንጨቶች ከሥረኛው ላይ ከፍ አድርገን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ቀና እንዲል አጋደልነው። ከዚያ ያረጀ ቲሸርት ከቀለበቱ እስከ ጠርዙ ወጥረን ለጠፍንና በፋይበር ግላስ ሙጫ አራስነው። ሲደርቅ እንደ ቅል ይጠነክራል። ከውስጥ በኩል ሁለት ድርብ ፋይበር ደረብን፣ ከላይ ስቱኮ መታን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ በመጨረሻም ከበሩ ልባስ ጋር የሚመሳሰል ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ በማስቲሽ አለበስነው። ሙጫውን ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ። ማጠንከሪያውን "ቶሎ ይድረቅ" ብላችሁ አታብዙት፤ ይግላል፣ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር አስተውሉ፦ በሹፌሩ በኩል ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግር አለ። ወዳጄን ጫማውን አስጠልቄ ሃያ ጊዜ አስረገጥኩት። ሁለት ጊዜ ጫማው ነካውና አፍርሰን አጠበብነው። ከሙዚቃ በፊት ፔዳል!

የሠራነውን ያሰርነው መኪናዋ ላይ ድሮውንም በነበሩ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ነው። አንዲትም አዲስ ቀዳዳ አልበሳንም። ጠርዙን ዙሪያውን በስስ ስፖንጅ ደፈንነው። ለምን ብትሉ፣ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ኋላም ድምፅ ያወጣል፤ የኋላው በስንጥቅ ዞሮ ከፊቱ ጋር ሲገናኝ ቤዙን ይገድለዋል። ብዙዎቻችሁ "ስፒከሩ ቤዝ የለውም" ብላችሁ ትልቅ የምትገዙት በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ስንጥቁን ድፈኑ!

ካርቶኑ ላይ "500 ዋት" ስለተባለም አትደናገጡ። የመኪና ቴፕ ለአንድ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ካሰራችሁ ግን 2 ኦም ይሆናል፤ ቴፑ ይግልና ይቃጠላል። የግራና የቀኙ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እንዳይገለባበጥ ደግሞ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ውሰዱና ጫፎቹን ላፍታ ነካ አድርጉ። ስፒከሩ ወደ ውጭ ሲገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል።

በሽቦው ላይ ግን ቀልድ የለም። የወዳጄ መኪና 12 ቮልት ናት፤ ከእሷ የሚያረጁ አንዳንድ ቮልሶች ግን 6 ቮልት ስለሆኑ የዛሬ ዕቃ አይቀበሉም፤ ቀድማችሁ ለኩ። ፊውዙ እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሽቦው መኪናውን ሙሉ አቋርጦ ቤንዚን ወዳለበት ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ ተፍቆ ላሜራ ቢነካ እሳት ነው። ላሜራ አልፎ በሚገባበት ሁሉ የጎማ ቀለበት አልብሱት። አሮጌውን ሬዲዮ ከክሩስኮቶው ላይ አላነሳነውም፤ ትንሽ የብሉቱዝ አምፕሊፋየር ከወንበር ሥር ደበቅንና ሙዚቃውን ከስልክ ለቀቅነው።

በሦስተኛው እሁድ ሲያልቅ እናቱን ጠራናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ከባለቤታቸው ጎን እንጂ በሹፌሩ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ግን ዞረው እዚያ ተቀመጡ። በሩን ዘጉት። ልጃቸው ከውጭ ሆኖ በስልኩ አባቱ ይወዱት የነበረውን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ለቀቀ። እሳቸው ስፒከሩን አላዩትም። ክርናቸውን ያቺ የተፋቀችው ቦታ ላይ አሳረፉና ፊት ለፊት ማየት ጀመሩ።

ወዳጄ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ሊጨምር ሲል እናቱ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡና "ተው፣ እንደዚሁ ይሁን" አሉት።

እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በመንገዴ ላይ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስለዚያ መስተዋት አውርተን አናውቅም ነበር፤ አወራን። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ይቅርታ ጠየቅኩ። እናንተም መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ሜትሩን አንሱ፣ ባለቤቱንም ጠይቁ።