ችካሉ የት ይተከል?

የሕንፃ ንድፍ የምንማር ተማሪዎች ስለ ውበትና ስለ ወጪ ብዙ እንከራከራለን። ቤቱ የሚቆምበትን መሬት የሚናገሩትን ቁጥሮች ግን የቀያሹ ጉዳይ አድርገን እናልፋቸዋለን። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እንላለን።

በታች ጋይንት፥ በአርብ ገበያ፥ የጤና ጣቢያ ፕላን አውጡ ተባልን እንበል። ቀያሹ የሚሰጠን ኮኦርዲኔት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የተቆጠረ፥ ከ1,200,000 ሜትር የሚበልጥ ቁጥር አለበት። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ቢያኖረውም፥ መስመሩን በስክሪን ላይ የሚስለው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ከአንዱ ቁጥር እስከ ሚቀጥለው ያለው እርምጃ 12.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ በዚህ ሚዛን ሲሣል መስመሩ ቢንቀጠቀጥ፥ ማዕዘኑም አልገጥም ቢል ምን ይደንቃል? የሬቪት አምራቾችም ሥዕሉ ከፕሮግራሙ መነሻ ነጥብ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ይመክራሉ።

ታዲያ ብዙ ተማሪ ሥዕሉን በማውዝ ጎትቶ ወደ ዜሮ ያመጣዋል፤ ስንት እንደ ጎተተው ግን አይጽፍም። ያን ጊዜ ቤቱ አገር የሌለው ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው የዳተም ነገር ነው። የአገራችን የቀድሞ የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ስሙም በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ በኑቢያ ከነበረ ቦታ የመጣ ነው። የእጅ ስልካችን የሚነግረን ግን በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። በአርብ ገበያ ሁለቱም «ዞን 37» ተብለው ይጻፋሉ፤ ቁጥሮቻቸውም ይመሳሰላሉ። ነገር ግን አንዱን በሌላው የተካ ሰው በምሥራቅና ምዕራብ 90፥ በሰሜንና ደቡብ 200 ሜትር ያህል ይስታል። በጋይንት ተዳፋት ላይ ይህን ያህል መሳት ከሜዳው ወጥቶ ገደል አፋፍ መድረስ፥ ወይም የሌላ ገበሬ ማሳ ውስጥ መግባት ሊሆን ይችላል። ገበሬው ለአቤቱታ ሲመላለስ ነዳፊው ክፍያውን ተቀብሎ አዲስ አበባ ተቀምጧል።

ቀያሹ ያርመዋል የሚል አይጠፋም። ቀያሹ ግን ችካሉን የሚተክለው በሰጠነው ቁጥር ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በቦታው አጠገብ አንድ ነጥብ መነሻ እናድርግ። የነጥቡን ኮኦርዲኔት፥ ዳተሙን፥ ዞኑንና ቤንች ማርኩን በእያንዳንዱ ሉህ ጥግ እንጻፍ። ፕላኑ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት በመሬት ላይ በሚታወቅ ምልክት እንፈትነው። መምህራኖቻችንም ይህ ያልተጻፈበትን ፕላን እንዳይቀበሉ ማኅበራችን ይጠይቅ።

ለሕዝብ እንሠራለን ካልን፥ ሕዝቡ የቆመበትን መሬት ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ግዴታችን ነው።